ሞተሩ ያልሠራው ጥፋት

ፍርዱ የተሰጠው አንድም ብሎን ሳይፈታ ነበር። የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አዳመጠና «ቢየላ ነው፤ ሞተሩ መውረድ አለበት» አለ። ሁለተኛው መኪናዋን ይዞ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞረና «የለም፣ ካምቢዮ ነው» አለ። ሦስተኛው ሁለቱንም አስማማ፦ ሞተሩም ካምቢዮውም አልቀዋል፣ ከማሠራት መሸጥ ይሻላል። ይህን ምክር የሰሙት ሽሮ ሜዳ ጎረቤቴ የሆኑ፣ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ መምህር ናቸው። መኪናዋ ደግሞ አዲስ አበባ ሁሉ «ዲኤክስ» እያለ የሚጠራት አሮጌ ቶዮታ ኮሮላ ናት፤ 1,290 ሲሲ ሞተር፣ ባለ ካርቡራተር፣ የኋላ እግሯ የሚገፋት።

«ቢየላ ነው» ማለት ቀላል ነገር አይደለም። ቢየላ ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ክንድ ነው። ክንዱና ክራንክሻፍቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ያለው ስስ ኩሽኔታ ሲበላ ክፍተት ይፈጠራል፤ ነዳጁ በነደደ ቁጥርም ብረት ብረትን ይመታል። ዝም ተብሎ ከተነዳ ክንዱ ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ እስከ መብሳት ይደርሳል። ስለዚህ ያንን ኳኳታ ሰምቶ መደንገጥ ተገቢ ነው። ጥያቄው የተሰማው እውነት ያ ኳኳታ ነው ወይ የሚለው ነበር።

«መሸጥ ይሻላል» የሚለውም ምክር ለተናጋሪው እንጂ ለሰሚው አይቀልም። በ2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። በጡረታ የሚኖር ሰው ያለችውን መኪና ከሸጠ በገንዘቡ ሌላ መኪና መግዛቱ ያጠራጥራል። ለመምህሩ ዲኤክሷ ባለቤታቸውን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱባት፣ የልጅ ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት የሚያመጡባት እግራቸው ናት።

በዚህ መካከል ነው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ የሄድነው። ረዳቶቻቸው «ጋሼ» ይሏቸዋል፤ እኔም እንዲሁ ልጥራቸው። ጋሼ ኮፈኑን አላስከፈቱም። ወንበር ስበው ለመምህሩ ሰጡና «መምህር፣ መቼ መቼ ነው የምትጮኸው?» ብለው ጠየቁ።

መምህሩ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አወጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያስተምሩ እንደኖሩት፣ ችግሩን መጀመሪያ ጽፈውታል። በደብተሩ ላይ እነዚህ መስመሮች ነበሩ፦

«ሞተሩ ቢቀዘቅዝም ቢሞቅም ያው ነው።
ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ትንኳኳለች።
ጋዝ ስሰጣት ኳኳታው ይጠፋል።
በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ካለፈች ታጉረመርማለች፤ በፈጠነች ቁጥር ይብሳል።
ወደ እንጦጦ ስወጣ ከሌላው ቀን የተለየ ድምፅ የለም።»

ጋሼ ደብተሩን ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡ። ከዚያ በጣታቸው ሦስተኛውንና አራተኛውን መስመር እያሳዩ «እነዚህ ሁለቱ የአንድ በሽታ ምልክት አይደሉም» አሉ።

ምርመራው የዞረው እዚህ ላይ ነው። ሞተሩ ፈጠን ሲል የሚጠፋ ድምፅና መኪናዋ ስትፈጥን የሚብስ ድምፅ ከአንድ ቦታ ሊመጡ አይችሉም። ቀደም ያሉት መካኒኮች ሁሉንም ጩኸት የሚያስረዳ አንድ ጥፋት ሲፈልጉ ነበር፤ ያን ሁሉ ሊሸከም የሚችል ጥፋት ደግሞ ትልቅ ጥፋት ብቻ ሆነባቸው። ሁለት ትናንሽ ብልሽቶች ተደርበው አንድ ያለቀ ሞተር መስለው ነበር። አምስተኛውም መስመር የራሱን ምስክርነት ሰጥቷል። የተበላ የቢየላ ኩሽኔታ ሞተሩ ሲከብደው ይበልጥ ይመታል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው እንጦጦ ሲወጣ ዝም ማለት አይሆንለትም።

ጋሼ ግን በወረቀት ብቻ አልፈረዱም። ምንም ገንዘብ ከማያስወጣው ሙከራ ጀመሩ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘው ዘይቱን በሁለት ጣታቸው መካከል አሹትና ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ የሚያብለጨልጭ የብረት ብናኝ የለበትም። መጠኑም በሁለቱ ምልክቶች መካከል ነው። ሞተሩ ሲነሳ ቀዩ የዘይት መብራት ወዲያው ጠፋ። ከዚያ ዲናሞውንና የውሃውን ፓምፕ የምታዞረውን ቺንጋ አስፈትተው ሞተሩን ለአፍታ አስነሱ። ሁለቱም ቆመው ኳኳታው ቀጠለ። ሞተሩ ያለ ውሃ ፓምፕ ብዙ መሥራት ስለሌለበት ወዲያው አጥፍተው ቺንጋዋን አስመለሱ።

ቀጥሎ ቢየላዎቹ ተራ በተራ ተጠየቁ። ጋሼ እጀታው በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ የየካንዴላውን ገመድ አንድ በአንድ እያላቀቁ አዳመጡ። ካንዴላው እሳት ሲያጣ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ አይነድድም፤ ፒስተኑን በኃይል ወደ ታች የሚገፋው ግፊትም ይቀራል። የተበላው የዚያ ሲሊንደር ቢየላ ቢሆን ኖሮ ምቱ መለዘብ ነበረበት። በአራቱም አልለዘበም። እንዲያውም አንድ ሲሊንደር ጎድሎ ሞተሩ በተንገጫገጨ ቁጥር ኳኳታው ትንሽ ባሰበት። ጋሼ ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። «ያዙልኝ ይህቺን፤ ኋላ ትጠቅመናለች» አሏቸው ለረዳቶቻቸው።

ከዚያ ረጅም ካቻቢቴ ተነሳ። ጫፉን ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮአቸው ሥር አጥብቀው ይዘው ከቦታ ቦታ ይሄዱ ጀመር። በቫልቮቹ ክዳን ላይ ሲያደርጉት የሚሰማው ቀጭንና የተስተካከለ ትክትክታ ነው። ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ የሚዞረው በክራንክሻፍቱ ግማሽ ፍጥነት ስለሆነ፣ ሞተሩ በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ የሚከፈተው 400 ጊዜ ነው። በዚያ ልክ የሚሄድ ቀላል ድምፅ ጤና ነው፤ ከበዛም የቫልቭ ክፍተት ይስተካከላል እንጂ ሞተር አይወርድም። ከፊት፣ ይህን ዘንግ የሚያዞረው ሰንሰለት ባለበት፣ የተለየ ነገር አልተሰማም። በሞተሩ ጎን ኳኳታው ከሩቅ ይሰማል። ከኋላ፣ ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር በሚጋጠምበት ሽፋን ላይ ሲደርሱ ግን ካቻቢቴው ጆሮ ያማል። እኔም እንድሰማ ሰጡኝ፤ ምቱ እጄ ድረስ ይሰማል።

የመጀመሪያው መካኒክ ኮፈን ከፍቶ «ሞተር ነው» ያለው ለምን እንደሆነ እዚህ ላይ ይገባል። ድምፅ በብረት ውስጥ በአየር ውስጥ ከሚሄድበት ከ10 እጥፍ በሚበልጥ ፍጥነት ይሄዳል። ሞተሩና ካምቢዮው በብሎን የታሰሩ አንድ አካል ስለሆኑ፣ ከኋላ የተነሳው ምት በአንድ አፍታ መላውን ብረት ያዳርሳል። ከላይ ጎንበስ ብሎ ለሚሰማ ጆሮ ድምፁ ከየትም የመጣ ይመስላል። ጆሮ አልዋሸም፤ ቦታውን ግን ሊነግረው አልቻለም።

አሁን ጋሼ መሪው ጋ የተቀመጠውን ልጅ «ፍሪሲዮን ርገጥ» አሉት። ረገጠ፤ ኳኳታው ጠፋ። «ልቀቅ።» ለቀቀ፤ ተመለሰ። ደጋግመው አስረገጡት፤ ውጤቱ ያው ነው። ሦስት ጋራዥ ስትዞር የከረመች መኪና፣ አንድ እግር ብቻ የሚጠይቀውን ይህን ሙከራ እስከዚያ ሰዓት ማንም አላደረገላትም ነበር።

ፍሪሲዮን ሲረገጥ የሚሆነው ይህ ነው። ሞተሩ መዞሩን አያቆምም፤ ክራንክሻፍቱ፣ ቢየላዎቹ፣ ፒስተኖቹ እንደ ቀድሞው ይሠራሉ። የሚቆሙት የፍሪሲዮኑ ዲስክና ከእሱ ጋር ወደ ካምቢዮው የሚገባው ዘንግ ናቸው። እነሱ ሲቆሙ ድምፁ ከቆመ፣ ድምፁ ያለው ከቆሙት ውስጥ ነው። ሞተሩ በዚህች ቅጽበት ነጻ ወጣ። ፔዳሉ ሲረገጥ የሚሠራው የፍሪሲዮን ኩሽኔታም አብሮ ነጻ ወጣ፤ እሱ ቢበላ ኖሮ ነገሩ የተገላቢጦሽ ይሆን ነበር፤ ሲረገጥ ይጮኻል፣ ሲለቀቅ ዝም ይላል።

አንዱ ረዳት ወዲያው «እንግዲያው ካምቢዮ ነዋ፣ ጋሼ! የመግቢያው ዘንግ ኩሽኔታ ሄዷል» አለ። ግምቱ የሚናቅ አይደለም፤ ያ ኩሽኔታም ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ይላል። ጋሼ ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ ዘይቱ ይናገር» አሉ።

መኪናዋ ትንሽ ተነድታ ከሞቀች በኋላ የካምቢዮው ዘይት በንጹሕ ሳፋ ላይ ፈሰሰ። ጋሼ ነጭ ጨርቅ ነክረው ፀሐይ ላይ ዘረጉት። ከዚያ ከአሮጌ ስፒከር የወጣች ማግኔት አምጥተው ዘይቱ ውስጥ ቀስ አድርገው አመላለሷት። ሲያወጧት ጥርስ ሲሻሽ የሚወጣ ስስ ግራጫ ጭቃ ብቻ ይዛለች፤ ይህ በማንኛውም ያገለገለ ካምቢዮ የሚገኝ ነው። የተፈነቀለ የብረት ቅርፊት የለም። ጨርቁ ላይም ማርሽ የሚያስማሙት የነሐስ ቀለበቶች ሲበሉ የሚታየው ወርቃማ ብናኝ የለም። ኩሽኔታ ለዚያን ያህል ኳኳታ እስኪበቃ ከተበላ የተበላው ብረት የሚሄደው ወደ ዘይቱ ነው። ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ ካምቢዮውን መክሰስ ይከብዳል።

የድምፁም ጠባይ ከዚሁ ጋር ይስማማል። የተበላ የካምቢዮ ኩሽኔታ ሳያቋርጥ ያጓራል፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥርም ድምፁ አብሮ ይወጣል። ይህኛው ግን ይንኳኳል፤ ጋዝ ሲሰጠውም ይጠፋል። የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ነው፤ የፍሪሲዮኑ ዲስክ።

ዲስኩን ለማየት ካምቢዮውን ማውረድ የግድ ነው። ሞተሩን ማውረድ ግን አያስፈልግም። ወደ ኋላ የሚሄደው ረጅም ዘንግ ተፈታ፤ ጋሼ እግረ መንገዳቸውን የዘንጉን መጋጠሚያዎች፣ ክሮቸራዎቹን፣ በእጃቸው ወዘወዟቸው፣ ጤነኞች ናቸው። ካምቢዮው ወረደ። ጋሼ የመግቢያውን ዘንግ በጣታቸው አዞሩት፤ እንደ ቅቤ ለስላሳ ነው። ዲስኩ ወጥቶ ጨርቅ ላይ ተቀመጠ። ሸራው ገና ወፍራም ስለሆነ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ምንም አልሆነም። መሐሉ ላይ ግን፣ በዘንጉ ቀዳዳ ዙሪያ፣ በየመስኮቶቻቸው የተቀመጡ አጫጭር ሞላዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ ለሁለት ተሰብራለች። የተቀመጠችበት መስኮት ጠርዝ በመመታት ብዛት ሰፍቶ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብረቀርቃል። ጋሼ ዲስኩን አንስተው ነቅነቅ አደረጉት፤ ያው በሚኒሞ የምንሰማው ኳኳታ፣ ቀጠን ብሎ፣ ከእጃቸው ወጣ።

ሞላዎቹ ለምን እንደተቀመጡ ካወቅን ነገሩ ሁሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይገፋል። በደቂቃ 800 ጊዜ ሲዞር ግፊቱ በሰከንድ ወደ 27 ጊዜ ይሆናል፤ በየግፊቱ መካከልም ክራንክሻፍቱ ትንሽ ይፈጥናል፣ ትንሽ ይዘገያል። ይህን መንገጫገጭ ወደ ካምቢዮው ሳይደርስ የሚውጡት እነዚያ ሞላዎች ናቸው። አንዷ ስትሰበር በሰፋው መስኮት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ትመታለች። ሞተሩ ሲፈጥን ግፊቶቹ ስለሚቀራረቡ ዙሩ ይለዝባል፤ ኳኳታውም ይጠፋል። የካንዴላ ገመድ ሲላቀቅ ድምፁ የባሰውም ለዚህ ነው፤ ሲሊንደር ሲጎድል መንገጫገጩ ይጨምራል። ጋሼ «ያዙልኝ» ያሏት ምልክት ይህቺ ነበረች።

አዲስ ዲስክ የመኪና ዕቃ ከሚሸጥበት ሱማሌ ተራ መጣ። ካምቢዮው ተመልሶ ታሰረ፣ አዲስ ዘይት ተሞላ፣ ሞተሩ ተነሳ። በሚኒሞ ቆማ ኳኳታ የለም። ረዳቶቹ እጃቸውን መጠራረግ ጀመሩ። ጋሼ ግን ደብተሩን አስታወሷቸው፤ አራተኛው መስመር ገና አልተመለሰም።

በማግስቱ ማለዳ፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ፣ ወደ ቀለበት መንገድ ወጣን። 50 አለፈች፤ ማጉረምረሙ ጀመረ። 60 ላይ ወለሉ ሥር የሆነ ነገር የሚያጓራ ይመስላል። ጋሼ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ማርሽ ቀየሩ፤ አልተለወጠም። እንዲህ ባለ ካምቢዮ አራተኛ ማርሽ ኃይሉን በጎን ባለው ዘንግ ሳያዞር ቀጥታ ስለሚያስተላልፍ፣ ጥፋቱ በጎኑ ዘንግ ላይ ቢሆን ድምፁ በግልጽ መቀነስ ነበረበት። ቀጥሎ ሞተሩን ሳያጠፉ ማርሹን ነጻ አደረጉት። ሞተሩ ወደ ሚኒሞ ወረደ፣ መኪናዋ በራሷ ጉልበት እየተንሸራተተች ነው፣ ማጉረምረሙ እንዳለ አለ። ድምፁ የሚከተለው የመኪናዋን ፍጥነት እንጂ የሞተሩን ዙር አልነበረም። ጋዝ ሲሰጧትና ሲነሱባትም ቃናው አልተለወጠም፤ ዲፈረንሻል ቢሆን በሁለቱ መካከል ይለያይ ነበር። ከአሮጌው አስፋልት ወደ አዲሱ ሲገቡም ያው ነው፤ የጎማ ጩኸት ግን ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል።

መንገዱ ነጻ መሆኑን አይተው መሪውን በዝግታ ወደ ግራ ሲያዘነብሉ ጩኸቱ ጨመረ፤ ወደ ቀኝ ሲመልሱ ቀነሰ። መኪና ወደ ግራ ስትታጠፍ ክብደቷ የሚያርፈው በቀኝ ጎማዎቿ ላይ ነው። ጋራዥ ተመልሰው የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ አስይዘው የኋላዋን በክሪክ አነሷት። ጋሼ አንድ እጃቸውን በቀኙ የኋላ ጎማ ሞላ ላይ አሳረፉና በሌላው ጎማውን አዞሩት፤ አሸዋ የሚፈጭ የሚመስል ንዝረት በሞላው በኩል መዳፍ ውስጥ ይገባል። በግራው ሞከሩ፤ ምንም የለም። የቀኙ ኩሽኔታ በፕሬስ ሲወጣ ኳሶቹ የሚሮጡበት ቀለበት ተቦርቡሮ ተገኘ። ያ ሲለወጥ አራተኛው መስመርም ተዘጋ።

አንድ የፍሪሲዮን ዲስክና አንድ የጎማ ኩሽኔታ። መምህሩ የከፈሉት ለእነዚህና ለእጅ ሥራው ነው። ለሞት የተዘጋጀው ሞተር አልተከፈተም፤ እስከ ዛሬም አልተከፈተም።

ከዚህ ምርመራ የምወስደው ትልቁ ነገር ከጆሮ በፊት ጥያቄ እንደሚቀድም ነው። ድምፅ በራሱ ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው ሲለወጥ ነው። መኪናችሁ ያልለመደችውን ድምፅ ስታሰማ ልብ በሉ፦ ስትቀዘቅዝ ነው ወይስ ስትሞቅ? ከሞተሩ ዙር ጋር ይሄዳል ወይስ ከመኪናዋ ፍጥነት ጋር? ፍሪሲዮን ስትረግጡስ? ዳገት ላይስ? ስትታጠፉስ? እንደ ቪትዝ የፊት እግሯ የሚጎትታት መኪና መሪ ታጥፎ ስትነሳ ቀጭ ቀጭ ካለች ጎማውን የሚያዞረው ዘንግ የውጭ መጋጠሚያ ይጠረጠራል። ዝናብ ባደረበት ጠዋት ስትነሳ ሲጥ የምትል ከሆነ ቺንጋዋን አስመልከቱ። ከፊት ወደ ኋላ ማርሽ ስትቀየር ቋ ካለች ክሮቸራ ይታይ።

አንድ ነገር ግን ለጥያቄ ጊዜ አይሰጥም። ከባድ ኳኳታ ከቀይ የዘይት መብራት ጋር አብሮ ከመጣ መንገዱን ለቃችሁ ወዲያው ሞተሩን አጥፉ፤ ጎትታችሁ ውሰዷት እንጂ «ጋራዥ ድረስ ትድረስ» አትበሉ።

ለባለ ጋራዦችም አንድ ልመና አለኝ። ፍሪሲዮን መርገጥ፣ የካንዴላ ገመድ ማላቀቅ፣ ጨርቅ ላይ ዘይት ማየት ምንም አያስወጣም፤ ሞተር ማውረድ ግን የአንድን ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ሊበላ ይችላል። ርካሹን ሙከራ ሳትጨርሱ ውዱን ፍርድ አትስጡ። ባለ መኪናም «ሞተር ይውረድ» ሲባል «በምን አወቅህ? እስቲ አሳየኝ» ብሎ ይጠይቅ። ጥሩ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቆጣም።